ባዶ መሆኑን እያወቅኩ የምውጠው ክኒን

ኅዳር 14 ቀን

ለበኩር ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልህ፤ ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ራሴ አሰርኩ! እህትህ ዓይኗን ማመን አቅቷት «እስቲ ፍቺና ድገሚው» አለችኝ። ፈትቼ ደገምኩት።

አሁን ቁጣህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና አንብብ። ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ስኳር እያስዋጡሽ እኮ ነው! እያሞኙሽ ነው!» ብለህ ጮህክብኝ። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ታውቃለህ፤ እሺ፣ እወቅ። ግን ሞኝህን ፈልግ ልጄ! ማንም አላሞኘኝም። የክሊኒኩ ሐኪም ወገቤን በራጅ አይቶ የሚያሰጋ ነገር የለም ካለኝ በኋላ፣ ሲስተሯ አጠገቧ አስቀምጣኝ ዓይን ዓይኔን እያየች «እትዬ፣ ይኼ ክኒን ውስጡ መድኃኒት የለበትም። ግን እያወቁ ወስደውት ሕመሙ የሚቀልላቸው ሰዎች አሉ። ይሞክሩታል?» አለችኝ። ብልቃጡ ላይም «ባዶ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ በላይ እውነት ከየት ይምጣ?

በየሳምንቱ እየሄድኩ ከእጇ እቀበላለሁ። እንዴት እንደተኛሁ፣ የስፌት ማሽኑን ስረግጥ የትኛው ጎኔ እንደሚቆረጥመኝ ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ወሬ አያጥረኝም፤ ታውቀኛለህ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከማሽኔ ጋር ታረቅኩ።

ታዲያ ለክሊኒኩ አዲስ ኃላፊ መጣ። ይኼ ነገር ከማስታገሻው በጣም እንደሚረክስ ሲነግሩት ፊቱ በራ። ምን ያደርጋል፣ ደስታው አላስቀምጥ አለው! «ክኒኑ ባዶ ከሆነ እሱን ለማደል ሲስተር ምን ያስፈልጋል? በመስኮት ይሰጥ» ብሎ እሷን ካርድ ክፍል ወረወራት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ባዶውን ለምንወስደው ሁሉ የወር ክኒን በፌስታል እየተሰጠ «ቀጣይ!» ሆነ። ክኒኑ ያው፣ ብልቃጡ ያው። ወሩ ሳይሞላ ግን ወገቤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋ ጀመር። ጋሽ ሾፌር የምንላቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ነጂም ትከሻቸው ተመልሶ ያዛቸው። በስፌቴ ባወጡልኝ ስም «እትዬ መርፌ፣ ይኼኛው ባዶ እንኳ ጭራሽ ባዶ ነው» ሲሉኝ በሳቅ ፈረስኩ፤ ስስቅ ደግሞ ወገቤ! ግማሻችን ወደ ውዱ ማስታገሻ ተመለሰ። ቁጠባው የት ገባ ታዲያ?

አንድ ሰኞ ተጠራርተን ቢሮው ገባንና ፌስታላችንን ጠረጴዛው ላይ ቆለልንለት።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ።

«ሲስተሯን» አልኩ።

«ስኳሩን ማንም ቢሰጥዎት ያው ስኳር አይደለም እንዴ?»

«ስኳርማ ቤቴስ መች አጣሁ! "ወገብዎ እንዴት አደረ?" የሚለኝን ነው ያጣሁት። እሷን ይመልሱልን፤ አለዚያ ለሁላችንም ማስታገሻ ይግዙ። እስከዚያው እዚሁ ነን» ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ!

ጋሽ ሾፌርም ከኋላዬ «እኔ አንዴ ከተቀመጥኩ ለማንሳት ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ያስቡበት ጌታዬ» አሉት።

ኃላፊው ብዕሩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ። በሳምንቱ ሲስተሯ ወንበሯ ላይ ነበረች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው ለጫማዬ የበቃሁት። ማሽኑ ላይ ስቀመጥማ እግሬን ማን ይይዘዋል!

እንግዲህ «ማሽኑን ሽጠሽ እረፊ» የምትለውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። አልሸጥም! በሰው እጅ የላክኸውንም ውድ መድኃኒት ሳልከፍተው በዚያው ሰው መልሼልሃለሁ፤ ባዶውን እየዋጥኩ እቀጥላለሁ። ሌላ ማስታገሻ አታስስልኝ። ይልቅ እሑድ እሑድ ደውል። «ዕቃው ደረሰሽ?» ብለህ ቶሎ አትዝጋብኝ። «እማዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው?» በለኝና ወንበር ስበህ ተቀመጥ። መልሱ ረጅም ነው።

እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልምልህ፤ በሄድክበት ሰው አይጥፋብህ፤ ደጅህ ክፉ አይርገጠው።

ናፋቂህ፣
እናትህ