አባቴ የቆመባት የወሰን ድንጋይ

ለክቡር የባሕር ወሰን ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ጃካርታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ሁልጊዜም ደረቅ ሆኖ ለሚገኘው ቢሮዎ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ በአሩ ደሴቶች ዳርቻ የምንኖር የዎርማሊ መንደር ሰዎች ውሃው እስከፈቀደልን ድረስ ደህና ነን።

ደሴቶቻችንና በመካከላቸው ያለው ባሕር አንድ አገር መሆናቸውን ዓለም ተቀብሎ የወሰን መስመራችን በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ መስፈሩን በሬዲዮ ሰምተን ተደስተናል። የመስመሩ አንዱ ጫፍ ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የምትለው የእኛ ድንጋይ ናት። ቀያሾችዎ መጥተው ባሕሩ እስከ የት እንደሚሸሽ ሲጠይቁ፣ የባሕር ዳርቻችን ጠባቂ የሆነው አባቴ ኤልያስ ድንጋይዋ ላይ ወጥቶ «እዚህ ነው፤ እግሬን እያያችሁ ጻፉ» አላቸው። ጻፉም። ለዚህ ክብር እያመሰገንኩ ጥቂት ቅሬታዎች አቀርባለሁ።

1. ሚኒስትሩ የወሰኑን ሐውልት የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ሲመጡ፣ አባቴ በዳርቻው የሰቀለው የኮኮናት ቅጠል ለአቀባበል የተዘጋጀ ጌጥ መስሏችሁ ስላመሰገናችሁን እጅግ ኮርተናል። በእኛ ዘንድ ያ ቅጠል ባለበት አሸዋም ሆነ ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ አይነካም። ሠራተኞችዎ ግን ቅጠሉን አውርደው በሚኒስትሩ አንገት ላይ ካጠለቁ በኋላ፣ ለሐውልቱ ሲሉ አሸዋውን ዛቁ፤ ኮራሉንም ለመሠረት ፈለጡ። አባቴ ሊከለክል ቢሞክር መሐንዲሱ «አይዞዎት አባባ፣ የባሕር አሸዋ አያልቅም» አለው።

2. ከዚያ ወዲህ ባሕሩ የጎደለበትን አሸዋ ከየደጃፋችን እየሰበሰበ ነው። አምና የመቃብሩን አጥር ወሰደ፤ ዘንድሮ የእናቴን መቃብር።

3. የማዕበል መከላከያ ግንብ እንዲሠራልን ሦስት ጊዜ ጽፈን «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ ስለላኩልን እናመሰግናለን። የምዕራቡ ነፋስ በታኅሣሥ ይገባል፤ እሱ ጥናቱን ጨርሷል።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ ማሳመር አቃተኝ። ልጆቻችንን ወደ ዶቦ ከተማ አሻግረን አሥራ አንድ ሰዎች ቀርተናል። አባቴን «እንሂድ» ስለው «እኔ ከሄድኩ መስመሩ ከየት ሊጀምር ነው?» ይለኛል።

ካርታውን ግድግዳዎ ላይ ሰቅለው በየማለዳው ለሚመለከቱት ለእርስዎ፣ እስከ ዛሬ በካርታው ውስጥ የምገኝ ዜጋዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ዮሲና ጋይላጎይ
ዎርማሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንጋይዋ ካለፈው ወር ጀምሮ ባሕሩ ሲሸሽም አትታይም። ለውጭ አገር ዓሣ አጥማጅ መርከቦች አልነገርናቸውም። አባቴ በየቀኑ ሄዶ ላይዋ ስለሚቆም፣ ከሩቅ ሲያዩት የወሰን ምልክት ይመስላቸዋል። ትናንት ውሃው ደረቱ ደርሶ ነበር። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ነው፤ ለመዝገብዎ እንዲመች።