የፓስተር ሕዝቅያስ በሽታ ስም አለው

ፓስተር ሕዝቅያስ ዳንጊሶ ከአባታቸው ከአቶ ዳንጊሶ ሆጤሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዱካሌ ባራሳ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ይርጋዓለም አጠገብ ተወለዱ። ቀኑን አናውቀውም። እናታችን የቡናው ለቀማ የተጀመረ ሰሞን ነው ትል ነበር። ሌላው ሰው መታወቂያ ሲያወጣ የመሰለውን ቀን ያስሞላል፤ እሳቸው ግን “የማላውቀውን አልጽፍም” እያሉ ከየቢሮው ጸሐፊ ጋር ሲጨቃጨቁ ኖሩ፤ ማስታረቁ የእኔ ሥራ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ራሔል ዳንጊሶ ነኝ። በዚህ መድረክ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሁሉ አስቀድሞ በእሳቸው እጅ ያልፍ እንደነበር፣ ካለፈም በኋላ ግማሹ ተሰርዞ እንደሚመለስ የምታውቁት ነው። የራሳቸው ሲደርስ የሚያርምልኝ ጠፋ። እንግዲህ ስሕተት ቢገኝበት ጥለውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን ሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን ይርጋዓለም ተከታትለው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1970 ዓ.ም. ሐዋሳ ተመደቡ። እቤት ያደግነው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ለዚህ ይሁን ለሌላ እንጃ፣ ሰው ሁሉ በልማድ የሚለውን አባባል “ምን ማለት ነው?” ሳይሉ አያልፉም ነበር። በለቅሶ ላይ “እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው” ያለ ሰው ካለ አለቀለት፤ “እኛን አይወደንም ማለት ነው?” ብለው ለቀስተኛው ፊት ያፋጥጡታል። ስንት ጊዜ በጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ረግጫለሁ!

በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ቤታቸውን ለምእመናን ከፈቱ፤ በዚህም ምክንያት ታስረዋል። ስለ እስራታቸው ምስክርነት እንዲሰጡ ሲጠየቁ “አብረውኝ ሌቦችም ታስረው ነበር፣ እነሱንም ጋብዟቸው” ይሉ ስለነበር የምናውቀው ይህን ያህል ብቻ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሃይማኖት ሰይፈሚካኤል ጋር ትዳር መሠረቱ። የሙሽራዋ አባት አቶ ሰይፈሚካኤል በመንግሥት ሥራ ከሸዋ የመጡ፣ በኦርቶዶክስ እምነታቸው የጸኑ ሰው ነበሩና ለጊዜው የልጃቸውን ደጅ አልረገጡም። ወንድሜ በጾም ወራት እቤታቸው ሥጋ እንዳይሠራ አደረጉ። የእኛዎቹ “ወንድማችን ጸጋውን ትቶ ወደ ሕግ ተመለሰ” ብለው አጉረመረሙ። እሳቸውም “አማቴ ድንገት ቢመጡ ምን ላቀርብላቸው ነው?” ብለው መለሱ። አማታቸው መጡ፤ በሁዳዴ፣ ያውም ሳይነገር። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ቤት አልጠፉም። ከዚህ ጋብቻ ኪሩቤልና ቃልኪዳን ተወለዱ።

በ1985 ዓ.ም. መምህርነቱን ትተው የዚህች ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኑ። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔም እናንተም አብረን አይተነዋል። ሰው የሚበዛው ጮክ ተብሎ በሚጸለይበት ፕሮግራም ነው፤ የእሳቸው የማክሰኞ ትምህርት ግን ሁልጊዜም ወንበር የተረፈው ነበር። አንድ ወንድማችን መናኸሪያ ላይ ከሰልፉ ሁሉ ቀድሞ መኪና ማግኘቱን “ጌታ በር ከፈተልኝ” ብሎ ሲመሰክር፣ ከመድረክ ተነሥተው “ወረፋውን ያፈረስከው አንተ ነህ፣ ጌታን ለምን ታስገባዋለህ?” አሉት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሐይቅ ዳር ከበዋቸው “ሁሉ ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ የእኛ ጥረት ምን ይጠቅማል?” ብለው ሲያደርቋቸው፣ “አስፋልት ስታቋርጡ ግራና ቀኝ ታያላችሁ?” ብለው ጠየቁ። “እናያለን” አሏቸው። “እንግዲያው መልሱን ታውቁታላችሁ” ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበሩ። አብሮ መኖር ይከብድ ነበር፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ።

በ2001 ዓ.ም. የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ውሎ ሲያድርም መርፌ ታዘዘላቸው። ይህን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። ለድውያን የሚጸልይ መጋቢ ራሱ በመርፌ እንደሚኖር ቢሰማ በጎቹ ይሰናከላሉ፣ ስለዚህ ነገሩ በምስጢር ይያዝ አሉ። ወንድሜም፣ እኚያ ለማንም የማይመለሱት ሰው፣ እሺ አሉ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት፣ ከተሰበሩ ወንበሮች መካከል፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ይወጉ ነበር። ወይዘሮ ሃይማኖት በር ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ከመጣ ያስላሉ።

በ2008 ዓ.ም. አንድ እንግዳ አገልጋይ ለፈውስ ጉባኤ ተጋበዘ። ወንድሜ አይጋበዝ ብለው ነበር፤ ድምፅ ተሰጥቶ ተሸነፉ። እንግዳው በመጨረሻው ቀን “ተፈውሳችኋል፣ መድኃኒታችሁን ወደዚህ አምጡ!” ብሎ አወጀ። ሰው እያለቀሰ እየዘመረ ክኒኑንና መርፌውን በመሶብ ከተተ። ከከተቱት መካከል ስኳር ያለባቸው፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ወይዘሮ የሺ ይገኙበታል። ወይዘሮ የሺ በማግሥቱ ልባቸው አላርፍ ቢላቸው ወንድሜ ቢሮ መጡና “ፓስተር፣ እርስዎ ቢሆኑ መድኃኒቱን ይተዉት ነበር?” ብለው ጠየቁ። የወንድሜ መርፌ በዚያች ሰዓት ከእግራቸው ሥር፣ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። “እንጸልያለን፣ እህቴ” አሏቸው። ጸለዩላቸውም።

ወር ሳይሞላ ወይዘሮ የሺ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እግራቸው ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ።

ወንድሜ ያን ሰሞን እህል አልቀመሱም ብል ያልበላ ስኳርተኛ ይሞታል ብለው ከመቃብር ይሰርዙብኛል። በልተዋል፤ ግን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። እሑድ ሲደርስ ስብከታቸውን ጀምረው አጋማሹ ላይ ሰዓታቸውን አዩና ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሸሚዛቸውን ከፍ አድርገው፣ እዚህ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ፣ መርፌያቸውን ተወጉ። ቀጥለው ወይዘሮ ሃይማኖት የቋጠሩላቸውን ዳቦ አውጥተው “ካልበላሁ እወድቃለሁ፣ ታገሡኝ” ብለው ቆመው በሉ። በልተው ሲጨርሱ፣ ስኳር እንዳለባቸው፣ ዕቃ ቤት ተደብቀው ሲወጉ እንደኖሩ ተናገሩ። “የሺ ጠይቃኝ ነበር። ዝም አልኳት። እግሯን የወሰደው የእኔ ዝምታ ነው” አሉና አለቀሱ። ከዚያ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ተቆጡ፦ “በረት ሲወለድ ያላፈረ ጌታ በእኔ መርፌ የሚያፍር ይመስላችኋል? ተፈወስኩ የሚል ሰው ሄዶ ይመርመር። እግዚአብሔር ምርመራ አይፈራም!”

ያን ዕለት ስብከቱን አቋርጠው የወጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ሌላ ጸሎት ቤት ገቡ፤ ፓስተሩ እምነት ጎደለው ብለውም አስወሩ። ከመካከላቸው ዛሬ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አያለሁ። እንኳን መጣችሁ። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አሞራ ገደል እየወረዱ ከወይዘሮ የሺ ጋር ሳይገናኙ ቀርተው አያውቁም። ይቅር በይኝ ሲሏቸው ወይዘሮ የሺ “እርስዎ ፓስተር፣ ይቅርታው አለቀ፤ አሁን ዓሣ ይግዙና ይሂዱ” ይሏቸው እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

ፓስተር ሕዝቅያስ የስኳር በሽታው ኩላሊታቸውን ስለጎዳው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። በሚሞቱበት ዕለት ጠዋትም መድኃኒታቸውን ወስደዋል፤ ጸልየዋልም። ሁለቱን ያደረጉት በአንድ አልጋ ላይ ነው።

የሽማግሌዎች ሰብሳቢ አቶ ሽበሺ ትናንት ማታ ለቅሶ ቤት ይህን ጽሑፍ አይተው “እህት ራሔል፣ እዚህ ላይ ‘ባደረባቸው ሕመም’ ብንለው ምን ይለናል? ከሩቅ የመጣ እንግዳ አለ” አሉኝ። ኧረ በጌታ! ስም የለውም ወይ? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን የምናውቀው በሽታ ሬሳው እቤት ሳለ ስሙ ይጠፋል? በዚህ በለቅሶ ሰሞን ጓዳ እየገቡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ክኒን የሚውጡ ሰዎች አይቻለሁ። አንዷን ብጠይቃት “የሳል ነው” አለችኝ። በሟቹ ቤት! ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰል ወይዘሮ ሃይማኖት ውሃ ይዘው መጡ። ለእኔ ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ ለአቶ ሽበሺ ሰጧቸው። አቶ ሽበሺ ብርጭቆውን ተቀበሉ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የደም ግፊት ክኒናቸውን አወጡና በሰው ሁሉ ፊት ዋጡ። “ይነበብ” አሉ። “የእኔንም ጨምሪበት።” ጨምሬዋለሁ። ምነው ይህችን ቃል ወንድሜ ዕቃ ቤት በሚገቡበት ዘመን ብለዋት ቢሆን ኖሮ! ደግሜ ሳላነሣው ይቅር፤ ወይዘሮ የሺ ይቅር ካሉ እኔ ማን ነኝ።

ፓስተር ሕዝቅያስ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ደግ፣ ትሑትና ታጋሽ ነበሩ ብዬ ብጽፍ “ታጋሽ” የሚለውን ራሳቸው ይሰርዙት ነበርና ተውኩት። እግዚአብሔር፣ ሕይወታቸውን ሙሉ “ምን ማለት ነው?” ሲሉ የኖሩትን አገልጋዩን መልሱ ባለበት ይቀበላቸው። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለእኛ ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን።

አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ የመቃብሩ ሥፍራ ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም ከባድ ነው። ወንድሜ የቀብራቸውን ሥርዓት ሲያዝዙ ያስገቡት አንድ ነገር ይህ ስለሆነ እንፈጽመዋለን። አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት የቀን መድኃኒት ያለባችሁ ሁሉ ውሰዱ። የምትወጉም እዚሁ ወንበራችሁ ላይ ተወጉ፤ ዳቦ ተዘጋጅቷል። ዕቃ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ይዤዋለሁ። ውሃ የሚያድሉት በሩ አጠገብ የተቀመጡት ወይዘሮ የሺ ናቸው። አቶ ሽበሺ፣ ቀድመው ይነሡ።