የባሌን ቱታ ስላራገፍኩበት ግቢ

ማርች 4 ቀን 2015
ለማዘጋጃ ቤቱ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ላጉና ቨርዴ፣ ኮሎምቢያ

ጉዳዩ፦ ነፃ የደረት ምርመራ ስለመከልከሌ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ኤርሲሊያ ኬካን፣ ከአስቤስቶስና ከሲሚንቶ የጣሪያ ክዳን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ጡረተኛ የዶን ሊዮቪሂልዶ ባለቤት ነኝ። ይህን አቤቱታ በአካል ቀርቤ ማስረዳት በተገባኝ፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ብዙ ነው፣ ትንፋሼ ደግሞ ጥቂት።

1. ባለፈው ሳምንት ባሌን ይዤ መጥቼ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኛ ስለነበረ ደረቱ ታየለት። ሐኪሙ እሱን እያዳመጡ ወደ እኔ ዞረው፣ «እማማ፣ ሳልዎን እስቲ አንዴ ያቁሙልኝ፣ የእሳቸውን ደረት ልስማበት» አሉኝ። እሱ ጤነኛ ተባለ። እኔም ልታይ ብል በመስኮቱ ያለችው ልጅ፣ «ፋብሪካ ሠርተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «አይ ልጄ፣ የቤት እመቤት ነኝ» አልኳት። «ታዲያ የአስቤስቶሱ አቧራ የት አገኘዎት?» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

2. ያገኘኝ ግቢዬ ውስጥ ነው። በእኛ ሰፈር ባል ከሥራ ሲመለስ ቱታው ይራገፋል። ነጭ አቧራ ቡን ካለ ሰውዬው ሥራ ውሏል፤ ካላለ የት እንደዋለ ይጠየቃል። ይህን ያስተማሩኝ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ናቸው። «ዱቄት ነስንሶበት ሊመጣ ይችላል፣ ጠጋ ብለሽ አሽትቺው» ይሉኝ ነበር። እኔም ቀናተኛ ስለሆንኩ አፍንጫዬን ቀብሬ አሸትት ነበር። የሊዮቪሂልዶ ቱታ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

3. የጎረቤቴ የዶኛ ቴኦሊንዳ ባል ግን አጎቱ የፋብሪካው አለቃ ስለነበር ጠያቂ አልነበረበትም። ተሆ የሚሉትን የብረት ውርወራ ሲጫወት ይውልና ኢምፓናዳ የሚባለውን ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ቤት ያመሻል፤ ቱታው እንደተተኮሰ ይመለሳል። ቴኦሊንዳ ስታለቅስ እኔ በአጥሩ በኩል የባሌን ቱታ ከፍ አድርጌ አራግፍ ነበር፣ እንድታይልኝ። ዛሬ እሷ ዳገቱን እየዘፈነች ትወጣለች። ትናንት፣ «አንቺ፣ ያ ባለጌ ለካ ሳንባዬን አትርፎልኛል» አለችኝና በሳቅ ሞትን። ከዚያ የእኔ ሳቅ ወደ ሳል ዞሮ አልቆም ሲል፣ እሷ ውኃ ልታመጣ ሮጠች።

4. አማቴ ሜሶቴልዮማ በሚሉት የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሞተዋል። እሳቸውም የፋብሪካውን በር ረግጠው አያውቁም። በሽታው አቧራው ከተረሳ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ የሰማነው ከቀብራቸው በኋላ ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ደረቴ እንዲታይልኝ፣ ደግሞም ሴቶች ሲቀርቡ «ፋብሪካ ሠርተው ያውቃሉ?» መባሉ ቀርቶ «የማንን ቱታ ያራግፉ ነበር?» ተብለው እንዲጠየቁ በትሕትና አመለክታለሁ። ባሌ የሚቀጥለውን የምርመራ ተራውን ሊለቅልኝ ጠይቆ «አይተላለፍም» ተብሏል።

ይህን ሳነብለት ሊዮቪሂልዶ አንገቱን ደፍቶ፣ «ምናለ እኔም ኢምፓናዳ ቤት በዋልኩ ኖሮ» አለኝ። ያኔ ቢያደርገው እገድለው ነበር። አሁን ግን እጁን ያዝኩት።

ከአክብሮት ሰላምታና ከይቅርታ ጋር፣ ወረቀቱ ላይ ስላሳልኩበት

ኤርሲሊያ ኬካን፣ የታማኝ ባል ሚስት
ምስክር፦ ቴኦሊንዳ ቺቲቫ፣ ጤነኛ