በሑዳዴ ስለ ዓሣ ለጠየቃችሁን

ለተከበሩ የወንዞችና የሐይቆች ብዝኃ ሕይወት ጥናት ቡድን መሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ መንገዳችን የሚያንገላታ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት ከእኛ ዘንድ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ወገብዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ ደብር ዜማ የማስተምር መሪጌታ ነኝ። ስለ ዓሣ ለመጻፍ የሚያበቃ ትምህርት የለኝም፤ ነገር ግን ቡድንዎ ስለ ወንዛችን ያወጣውን ባለ ዘጠና ገጽ ሪፖርት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ወንበር ለምኜ ሁለት ቀን ሙሉ ስላነበብኩት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቱ እጅግ ነጭ ነው፤ ሥዕሎቹም ባለ ቀለም ናቸው።

አንደኛ፣ ስለመረጡት ጊዜ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎችዎ በሑዳዴ እኩሌታ፣ በዕለተ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰብስበው፣ እኔንም ለክብሬ ሲሉ ከፊት አስቀምጠው፣ «ዓሣ ይመገባሉ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። ለእናንተ ይህ የጥናት ጥያቄ ነው፤ በሑዳዴ፣ በመሪጌታው ፊት ለተጠየቀ ገበሬ ግን «ጾም ገድፈሃል ወይ?» ማለት ነው። አርባ ሰባት ሰዎች ተራ በተራ «አንበላም» አሉ፤ አንዳንዶቹም አማተቡ። ጾሙ ሲፈታ ግማሾቹ ከወንዙ አምባዛ እያወጡ ልጆቻቸውን እንደሚያበሉ እኔ አውቃለሁ፤ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ። ባለሙያዎችዎ ግን ደስ ብሏቸው «ኅብረተሰቡ ዓሣ የመመገብ ልማድ የለውም» ብለው ጻፉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ። ይህን ዝምታዬን ከእናንተ ስሕተት ጋር አብሬ እንዳስመዘግብ ይፈቀድልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ባሕሩ። ያን ዕለት እውነቱን የተናገረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እማዋይሽ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ትልቁ ልጇ ዘመነ በጅቡቲ በኩል ተሻግሮ ድምፁ የጠፋባት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ የቀረች ሴት ነበረች። እንደምትበላ ተናገረች፤ ከየት እንደምታገኘው ስትጠየቅም «ከባሕር አወጣለሁ» አለች። በእኛ አገር ወንዙ ሲጎድል በጥልቁ ስፍራ የሚቀረው፣ በጋውን ሙሉ የማይደርቀው ውኃ ባሕር ይባላል፤ ላይኛው ባሕርና ታችኛው ባሕር የሚባሉ ሁለት አሉን። ዓሣው ሁሉ በጋውን እዚያ ተጠልሎ ይቆይና ክረምት ሲገባ በወንዙ ይበተናል። ባለሙያዎ ግን የተማረ ሰው ነውና አገራችን የባሕር በር እንደሌላት ያውቃል፤ ስለዚህ በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «አንዲት ነዋሪ ከባሕር የመጣ የታሸገ ዓሣ እንደምትጠቀም ገልጻለች» ብሎ አሰፈረ። «የታሸገ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው ሳስብ ደክሞኛል። እማዋይሽ የቆርቆሮ ዓሣ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ውጤቱ። በሪፖርቱ መሠረት ላይኛው ባሕር «ሥነ ሕይወታዊ ፋይዳ የሌለው» ስለተባለ፣ መንገድ የሚሠራው ተቋራጭ በተከታዩ ዓመት በየካቲት ቦቴዎቹን አሰልፎ በአሥራ አንድ ቀን መጠጠውና አቧራ አረጠበበት። ዓሣው ጭቃው ላይ ሲንፈራገጥ ቆመን አየን። ሽታው ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ይደርሰን ነበር። ክረምቱ አስቀድሞ አታሎን ገብሱ ሳያፈራ ደርቆ ነበርና፣ ጾሙ ሲፈታ እማዋይሽ ለልጆቿ የምታቀምሰው አጣች፤ ሁለት ሰዓት ገደል እየወረደች ወደ ታችኛው ባሕር መመላለስ ጀመረች። በሚያዝያ መጨረሻ ዓሣውን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ ድንጋዩ ከዳትና ወደቀች። አስከሬኗን ከገደሉ ያወጣነው እኔና ወንድሟ ካሤ ነን። ልጆቿ አሁን ካሤ ቤት ናቸው፤ እሱም የሚያወጣው ከዚያው ከታችኛው ባሕር ነው፤ ሌላ የሚያበላቸው የለውም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ያለኝ ልመና ነው። የታችኛውን ባሕር ዕጣ የሚወስነው ሁለተኛ ዙር ጥናት በመጪው መጋቢት እንደሚካሄድ ከወረዳው ሰምቻለሁ፤ መጋቢት ደግሞ እንደገና ሑዳዴ ነው። ያ ውኃ ከተቀዳ ከወንዛችን የዓሣ ዘር ይጠፋል፤ የካሤም ቤት ይፈታል። ስለዚህ እባክዎ ከፋሲካ በኋላ ይምጡ። ሰዎቹን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አውጥተው ወንዙ ዳር ይጠይቋቸው፤ የአገሬውን ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን፣ የሚናገር ሰውም አብሮዎት ይኑር። እኔን ደግሞ ለአንዳች ስብሰባ ብለው ወደ ሰቆጣ ያስጠሩኝ፤ አበል አልጠይቅም፤ ምእመኑ እውነቱን ተናግሮ እስኪጨርስ እዚያው እቆያለሁ። ባለፈው እሑድ ያን ቀን ዝም ማለቴ በደል እንደነበረ በጉባኤው ፊት ተናግሬያለሁ፤ እናንተም በአንድ ገጽ ማረሚያ ብቻ ልትገላገሉ ትችላላችሁ።

በዘጠናው ገጽ ድካምዎ ሳይታክት የሚያመሰግንዎት፣ በጥናትዎ መሠረት ዓሣ በማይበላ አገር የሚኖር፣ ታዛዥዎ

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ደረሰ

ግልባጭ፦
ለታችኛው ባሕር፣ እስካለ ድረስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለሙያዎችዎ ሲመለሱ ከላይኛው ባሕር የወጡ አሥራ ሁለት ዓሦች በጠርሙስ መድኃኒት ውስጥ ነክረው ወስደዋል። ሪፖርቱ ከዚያ ውኃ አንድም ዓሣ ስላልመዘገበ፣ ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል፤ ከላይኛው ባሕር የተረፉት እነሱ ብቻ ናቸውና በደንብ ይያዙልን። ያን ቀን የባለሙያዎቹ መረብ ባዶውን ሲወጣባቸው፣ አዝናላቸው በመንጠቆዋ አንድ በአንድ አውጥታ የሰጠቻቸው እማዋይሽ ነበረች፤ ጾም ስለነበረ ለራሷ አንድም አላስቀረችም።