በግቢዬ መሀል ስለሚያልፈው ድንበርና በአፈር ቁልሉ ላይ ስለተቀመጠው ድንጋይ

ለሱንጋኡን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጎርፍ መውረጃ ክፍል ኃላፊ
ለክቡር አቶ ሙክቲናት አዲካሪ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ እንዲሁም ክረምቱን ሙሉ አንድ ጠብታ ያልነካውን የቢሮዎን ምንጣፍ ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ሸክላ ሠሪው ሂራካጂ ፕራጃፓቲ ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ሻይ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት፣ ወደ ቢሮዎ ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች «እየታዩ ነው» ስለተባልኩና አምስተኛው ዓይንዎን እንዳያደክም ስለሰጋሁ ነው።

እንደሚያውቁት የእርስዎ ከተማና ከታች ያለችው የጎረቤታችን የባሳንታር ከተማ ድንበር በግቢዬ መሀል ያልፋል። ቤቴ የእርስዎ ነው፤ ሸክላ የማደርቅበት ሜዳ የእነሱ ነው። ዝናቡ ይህን ስለማያውቅ ሁለቱን ደንቦች ጎን ለጎን አስቀምጬ እኔው አነበብኩለት።

አንደኛ፣ የእርስዎ ደንብ ትንኝ እንዳይራባ የዝናብ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግቢ ይውጣ ይላል። የባሳንታር ደንብ ደግሞ የውሃ ጉድጓዶቻቸው እየደረቁ ስለሆነ ከጣራ የወረደ ውሃ ከግቢ አይውጣ፣ ተጠራቅሞ ወደ መሬት ይስረግ ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ችግሩ ሁለቱም እኔ ቤት መገናኘታቸው ነው። የባሳንታሩ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቆፍር አለኝ፤ ከጣራዬ ሥር፣ ድንበሩ ላይ ቆፈርኩ። በማግስቱ የእርስዎ ተቆጣጣሪ ፑስካር መጣና «ምነው ጋሼ፣ ትንኝ ልታረባ ነው እንዴ? በል ድፈነው» አለኝ፤ ደፈንኩ። ባለቤቴ ኬሳሪ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ «አንተ ሰውዬ፣ ሸክላውን ትተህ ጉድጓድ በመቆፈርና በመድፈን ልትተዳደር ነው?» አለችኝ። ለሰጡን የቤት ውስጥ ጨዋታ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሱ ቦይ ልባዊ ምስጋናዬን ይቀበሉ። የላይኛውን ሰፈር ውሃ ሁሉ ሰብስቦ በግርማ ሞገስ ይወርድና ከባሳንታር ቦይ ሦስት ክንድ ሲቀረው እኔ ግቢ ላይ ይቆማል። ሠራተኞችዎ እዚህ ሲደርሱ የእባብ አማልክት በዓል ዋዜማ ስለነበር የቆፈሩትን አፈር በቦዩ ጫፍ ላይ ቆልለው አካፋቸውን ጣሉ። በበዓሉ መሬት እንደማይቆፈር እኔም አውቃለሁ፤ ያን ቀን ጭቃ አልነካም። ነገር ግን በዓሉ አንድ ቀን ነው፤ እነሱ ከሄዱ ሰባት ሳምንት ሆናቸው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በበዓሉ ጠዋት አንዲት ሴት በአፈር ቁልሉ ላይ ድንጋይ አየችና ቀይ ዱቄት ቀባችው፤ ሌላዋ አበባ አኖረች፤ ሦስተኛዋ ወተት አፈሰሰች። ምሳ ሳይደርስ ቁልሉ መቅደስ ሆነ። ከሰዓት እርስዎ ቦዩን ሊመርቁ መጥተው ተንበርክከው ተሳለሙት፤ ፎቶም ተነሡ። ከዚያ ወዲህ የቢሮዎ መልስ አንድ ነው፤ «የአምልኮ ቦታ ስለሆነ አይነካም»።

ሦስተኛው አጭር ነው። ባለፈው ማክሰኞ የወረደው ጎርፍ በቦይዎ መጥቶ ከቁልሉ ጋር ሲጋጭ ወደ ግራ ዞሮ ሜዳዬ ገባ። ለዳሳይን በዓል እርጎ ነጋዴዎች ያዘዙን ስድስት መቶ የእርጎ ሸክላዎች ገና አልተተኮሱም፤ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ የቀረልን ጭቃ ብቻ ነው። ኬሳሪ ጎንበስ ብላ ጭቃውን በእጇ ትሰበስብ ጀመር። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልንገርዎት፤ በጣም አዝኛለሁ። ለበዓሉ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። ሌት ተቀን ብንሠራ እንደርሳለን፤ አንድ ጎርፍ ከደገመን ግን አንደርስም።

አራተኛ፣ ባሳንታር ከትናንት ወዲያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልካልኛለች፤ «ከጣራህ ያለ ፈቃድ ውሃ ለቀህብናል» ትላለች። አንዲት ጠባብ ጣራ ያለኝ ሰው የአንድ ሰፈር ጎርፍ ባለቤት ተብዬ የመጠራትን ክብር ያለ እርስዎ ቦይ አላገኘውም ነበር። ከባሳንታሩ ባልደረባዎ ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር ቢፈልጉ ግቢዬ ክፍት ነው፤ እያንዳንዳችሁ በየከተማችሁ ሆናችሁ ትነጋገራላችሁ። ቦት ጫማ አይርሱ።

በእርስዎ ደንብ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምወጣ፣ በጎረቤትዎ ደንብ ንቅንቅ የማልል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ታዛዥዎ፣
ሂራካጂ ፕራጃፓቲ
የሁለት ከተማ ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ በቁልሉ ላይ ያለው ድንጋይ የእኔ የጭቃ መውቀጫ ነው። በዋዜማው ሠራተኞችዎ ቦዩን ክፍት ትተው ሲሄዱ ሰው እንዳይገባበት ለምልክት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ገልብጠው ቢያዩት አባቴ የቀረጸው የቤተሰባችን ስም አለበት። ሰው ሲሳለመው ሳይ ለመናገር አፈርኩ፤ ጥፋቴ ነው፤ አማልክቱንም በቤቴ በር ላይ በለጠፍኩት ሥዕላቸው ፊት ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እርስዎ ተንበርክከው የተነሡትን ፎቶ ሻይ ቤቱ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ለጥፎታል። አሁን ግን ቀድሜ የወቀጥኩት ጭቃ ስላለቀና አዲሱን የምወቅጥበት ስላጣሁ ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዬን እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሦስት ክንድ አፈር ነው፤ ስለ አፈር ሁለቱም ደንቦች የሚሉት ነገር የለም፤ ኬሳሪም ዶማዋን ስላ ጨርሳለች።