ንክሻ ያልተገኘባት ዝንብ

ኅዳር 3 ቀን። ልብስ ሰፊዋ እህቴ ዛሬ ጠዋት መርፌና ክሯን አቀበለችኝና «አንተው አስገባልኝ» አለች።

ለተከበሩ የጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው በእንግዳ መቀበያዎ አግዳሚ ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።

፩. ቢሮዎ ውስጥ ትኋን በተገኘበት ሳምንት ሦስት ጊዜ መድኃኒት ስላስረጩ እናመሰግናለን። ትኋን ደም ይመጥጣል፣ ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በሽታ ግን አያስተላልፍም። ዝንብ በበኩሏ ሳትናከስ፣ ሜዳ ላይ ከዋለ ዓይነ ምድር ተፈልፍላ፣ ከታመመ ዓይን ተነስታ ጤነኛ ዓይን ላይ ታርፍና የዓይን ማዝ አስይዛ ትሄዳለች። ከሁለቱ የትኛው ክቡርነትዎን እንዳስጨነቀ ለመረዳት ችለናል።

፪. የሰፈራችንን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት «እስኪጠገን» ብለው ካሸጉት ሰባት ዓመት ሆነው። ቁልፍዎ ጠንካራ ነው፤ ሆድ ግን ማኅተም አያውቅም። ሰው ከግድግዳው ጀርባ ይቀመጣል፣ ዝንቧም እዚያው ትፈለፈላለች። የእህቴ መስኮት ከዚያ ሃያ እርምጃ ነው።

፫. የአቤቱታ ቅጽዎ ለትኋን ተብሎ የተዘጋጀ በመሆኑ «የንክሻ ምልክት» የሚል ቦታ አለው። ጸሐፊዎ እህቴን «እትዬ፣ ንክሻው የታለ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የሚቧጭረውን ዓይኗን አሳየችው። እሱም ደንቡን አክብሮ «ንክሻ አልተገኘም» ሲል ጻፈ። ያያት ሐኪም ቀኝ ዓይኗ እንዳበቃለት፣ ግራው ግን ከታከመችና ዝንቡ ከተወገደ እንደሚተርፍ ነግሯታል። ለሐኪም የሚሆን ቦታ ቅጽዎ ላይ የለም።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ሰባት ዓመት አፋችንን ዘጋን፤ በዓይን ገባ።

ግንበኛ ነኝ። መዶሻዬ እግሬ ሥር ነው። የያዝኩት ተራ አርባ አንድ፣ አሁን የተጠራው አሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ ቅጹን ከግማሹ ላይ ትቼ፣ ማኅተምዎን ሰብሬ መጸዳጃ ቤቱን ልጠግን ተነሥቻለሁ። ለመክሰስ ቢፈልጉ አድራሻዬ እዚያው ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ አልሸሽም።

በትዕግሥትዎ ጥላ ሥር ተደላድለው የኖሩት ዝንቦች ጎረቤት፣
ግንበኛው

ማስታወሻ፦ ሦስት ጊዜ ያስረጩበት አግዳሚ አሁንም ትኋን አለበት። የንክሻው ምልክት ክንዴ ላይ ስላለ፣ አቤቱታዬ ቢያንስ በዚህ በኩል የተሟላ ነው። ለማየት ከመጡ መጸዳጃ ቤቱ ዘንድ ያገኙኛል፤ ዓይንዎን ብቻ ይሸፍኑ።