የሁለት ባስ ሒሳብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ማለዳ

ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ታደሰ ሜዳውን አቋርጦ በእግሩ እንዲሄድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለባስ የሚከፍለውን ለማትረፍ። ከጦርነት የቀረው ፈንጂ ያገኘው እዚያ ነው። ሰዉ ሁሉ ግዴለሽ ነበር አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ልጃችን ሰላማዊት ያኔ ሕፃን ነበረች።

ይኸው ጻፍኩት። ደብተሬ፣ አንቺ ቻይው።

ወደ ሥራ። በክፍያ የማጥበው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ተዘፍዝፏል። በርሜሉ ከግማሽ በታች ነው፤ ውሃ የሚያመጣው ባለአህያ እስከ ረቡዕ የለም። የመጨረሻው ማለቅለቂያ አይደፋም። መጀመሪያ ለወለል፣ ከዚያ ለሽንት ቤት።

ሰላም የነርስ ት/ቤት ቦታ አግኝታለች። ክፍያው እስከ ጥር መሙላት አለበት፤ ካልሞላ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቅነሳ። ስኳር በግማሽ። ሥጋ ለበዓል ብቻ። ረቡዕና ዓርብማ ጾም ነው፤ ለነፍስም ለኪስም። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ዘሃራ፣ እንደ እኔው ድንበር የተሻገረች የጅጅጋ ልጅ፣ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «የዓመቱን ግማሽ ትጾማላችሁ፤ ወላሂ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሀብታም አልሆናችሁም?»



ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ትልቅ ነገር ሠራን። ባለጄኔሬተሩ የሚያስከፍለው በአምፖል ቁጥር ነው። እኔ አንድ፣ ዘሃራ አንድ ነበረን። ዛሬ በጋራ ግድግዳችን ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ቀዳዳ አስከፈትን። አንድ አምፖል መካከሉ ላይ ተንጠለጠለ። ብርሃኑ እኩል፣ ክፍያው እኩል። ባለጄኔሬተሩ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቆጠረ፤ አንድ ነው። ምን ይበል?

ችግሩ፣ ብርሃን ባለፈበት ድምፅም ያልፋል። ዘሃራ ታንኮራፋለች። ነገርኳት። እርሷ ደግሞ እኔ ሳነብ እንደማንሾካሹክ ነገረችኝ። ድግምት የምደግም መስሏት ፈርታ ነበር! እውነቷን ነው። ያለ አስተማሪ የተማርኩ ነኝ፤ ፊደሉን በአፌ ካልጠራሁት ያነበብኩ አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ወደ ዋሄን ገበያ ወረድኩ፣ በእግሬ። ሊዘጉ ሲሉ ቲማቲም ይረክሳል፤ የተጨፈለቀውን ወሰድኩ። ለወጥ ያው ነው።

ተመልሼ ገንዘብ የማጠራቅምበትን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከፈትኩ። የነርስ ት/ቤቱ የሚያስከፍለው በዶላር ነው፤ ሲበቃ ሺሊንጉን ዶላር አስደርገዋለሁ። ሺሊንግ ቆርቆሮ ይሞላል እንጂ ትምህርት አይከፍልም። እኔ ካስቀመጥኩት በላይ አገኘሁ። ደግሜ ቆጠርኩ። የማላውቀው ቀጭን የገንዘብ እስር አለ። ተሳስቼ ይሆናል። ደስ አለኝ፤ የሚያተርፍ ስህተት አይመረመርም።

አንድ የማልነካው ወጪ አለ፣ የሰላም የባስ ሒሳብ። አሁን የምትማርበት ት/ቤት ከሜዳው ማዶ ነው። በእግር ቅርብ፣ በባስ ሩቅ። መጀመሪያ ወደ ዋሄን፣ ከዚያ ሌላ ባስ። ስትመለስም እንደዚያው። ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪያችን እርሱ ነው። ዘሃራ ሞኝ አለችኝ። ፈንጂው ተለቅሞ አልቋል፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበታል አለች። ወሬ ቀየርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የቤታችን ልብስ ቀን። የሰላምን ቀሚስ አነሳሁ። ጫፉ ላይ ጭጎጎት። አንድ ሁለት አይደለም፤ ዙሪያውን ተጣብቋል። ባስ ውስጥ ጭጎጎት የለም።

የቆርቆሮው ትርፍ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ቀሚሱን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። የጣድኩት ውሃ ፈልቶ ፈልቶ አለቀ። ያን ያህል ውሃ!

አመሻሹ ላይ

አልካደችም። ቅነሳውን ከጀመርን ወዲህ አንድም ቀን ባስ አልያዘችም። አንቺ መብራት ቀነስሽ፣ ስኳር ቀነስሽ፣ እኔስ ምን ልቀንስ አለችኝ። ጮህኩባት። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። የዘሃራ ድምፅ በቀዳዳው ገባ። «የሰላም እናት፣ ቀስ! አምፖሉን ትሰነጥቂዋለሽ!» ሰላም ሳቅ አመለጣት። እኔን አላሳቀኝም።

ያን ጊዜ ነው ያለችው። «እማ፣ እኔ እንደ አባዬ ግዴለሽ አይደለሁም። ፈንጂ አለ የሚለው ቀይ የተቀባ ድንጋይ አጠገብ አልደርስም።»

እጄ ተነሳ። መልሼ አወረድኩት። 

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሰላም አኩርፋለች። በየጠዋቱ እስከ ባሱ እሸኛታለሁ፤ ስትሳፈር ሳላይ አልመለስም። እንደ ሕፃን ቆጠርሽኝ ትላለች። ትበል።

«እንደ አባዬ ግዴለሽ።» አምስት ቀን ሙሉ ይህን ሳመነዥግ ሰነበትኩ።

ታደሰ ግዴለሽ አልነበረም። ግንበኛ ነበር፤ ውሃ ልኩ ካልተስተካከለ ድንጋይ አይጥልም። ያን ሜዳ ይፈራው ነበር። ያኔ የሚገነባው ቤት ከሜዳው ማዶ ነበር። ያን ጠዋት የባስ ሒሳብ ሲጠይቀኝ፣ ጓደኞችህ ሁሉ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ጌታው አንተ ብቻ ነህ አልኩት። አላኮረፈም። እሺ፣ ይሁን ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ። ገንዘቡ መቀነቴ ውስጥ ቀረ።

ገንዘቡን ለምን እንደፈለግሁት አልጻፍኩም። ልጻፍ። ዋሄን ላይ አንድ የአገራችን ነጋዴ የፊደል ገበታ ሲሸጥ አይቼ ነበር። ለእርሱ ነው። በዚያው ጠዋት ገዛሁት። ይዤው ቤት ስደርስ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመዋል።

ልጥለው አሰብኩ። መጣሉ ደግሞ ሌላ ብክነት መሰለኝ። ማንበብ የተማርኩት በታደሰ የባስ ሒሳብ ነው።

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ልክ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

እዚህ አገር ትምህርት የሚዘጋው ዓርብ እንጂ እሑድ አይደለም፤ ሰላም ቤት ናት። ዘሃራ ከጁምዓ በኋላ ጓሮ ልብስ ሳጥብ መጣች። በበሩ፣ በቀዳዳው አይደለም። ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን ፈታች፣ አሰረች። እርሷ ወሬ የምታጣ ሰው አይደለችም።

ከዚያ ነገረችኝ። ረቡዕ ያነበብኩትን ሰምታዋለች። ያ መንሾካሾኬ። ጆሮዬን መድፈን ነበረብኝ፣ አልደፈንኩም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ አለች።  ልትፈርድብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ታደሰ አንድም ቃል አልጨመረችም። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ለእኔ ሳትፈልጊ ነገርሽኝ፣ እህቴ። ለልጅሽ ፈልገሽ ንገሪያት።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሒሳቡን እንደገና አሰላሁ። ባሱ ከተከፈለ ጥር ላይ አይሞላም። ሰኞ ሌላ ማረፊያ ሄጄ የሚታጠብ እጠይቃለሁ። ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሂድ፣ ሰላም በሚቀጥለው ዙር ትገባለች። ባሱ ግን አይቀነስም።

ከቆርቆሮው የእርሷን እስር ለይቼ በጨርቅ ጠቀለልኩ። በዚያ ሜዳ የተገኘ ገንዘብ ነው። ለክፍያ አላውለውም። ምን እንደማደርገው ገና አላውቅም።

ዛሬ ልነግራት ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ስለ ሳሙና አወራሁ። አንዴ ስለ ዝናብ። አፌ አልቻለም። የተጻፈው ይችል ይሆናል።

ልትጠላኝ ትችላለች። መብቷ ነው። አባቷን ግን ከእንግዲህ ግዴለሽ አትለውም።

ደብተሬ፣ እዚህ ላይ እንለያይ። ነገ ጠዋት ሰላማዊት ልትወጣ በሩ ላይ ስትቆም፣ በአንድ እጇ የሁለት ባስ ሒሳብ አስይዛታለሁ፤ በሌላው አንቺን።